የባሕር ኤሊና የጾም ሕግ

በሜክሲኮ የባሃ ካሊፎርንያ ልሳነ ምድር የሚኖሩ ብዙ ካቶሊካውያን በዐቢይ ጾም ከከብት ሥጋ ሲከለከሉ፣ በአካባቢው «ካጓማ» የሚባለውን የባሕር ኤሊ ግን ከዓሣ ቈጥረው ሲመገቡ ኖረዋል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1990 ኤሊ ማጥመድን ፈጽሞ ቢከለክልም ልማዱ በስውር ስለ ቀጠለ፣ በ2002 የተፈጥሮ ጥበቃ ተቆርቋሪዎች የኤሊ ሥጋ ከዓሣ እንደማይቈጠር እንዲያውጁ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊን ተማጸኑ። ተማጽኖው የምግብ ጉዳይ ቢመስልም፣ የሃይማኖት ሕግ የሚፈጸመው በፊደሉ ነው ወይስ በተሠራበት ዓላማ የሚለውን ጥያቄ ያነሣል።

ኤሊ እባብና አዞ ከሚመደቡበት፣ ገበሎ አስተኔ ከሚባለው ወገን ስለ ሆነ በሳንባው ይተነፍሳል፤ እንቁላሉንም በየብስ ይጥላል። የ13ኛው መቶ ዘመን ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ጾመኛ የሚከለከለው በምድር የሚያርፉና አየር የሚተነፍሱ እንስሳትን ሥጋ ነው ብሎ ስላስተማረ፣ በዚህ መለኪያ ኤሊን ከሥጋ መመደብ ይቻላል። ይሁንና በካቶሊካውያን ዘንድ የጸናው ልማድ ደማቸው ቀዝቃዛ የሆኑትን እንስሳት ስለሚፈቅድ፣ ነገሩ በምደባ ብቻ እልባት አያገኝም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለኢትዮጵያውያን ምእመናንም እንግዳ አይደለም።

ከምደባው ወጥተን የኤሊዋን ሕይወት ብንመለከት፣ በዚያው በሜክሲኮ፣ በሚቾአካን ግዛት ጠረፍ፣ በኮሎላ ዳርቻ፣ አረንጓዴዋ የባሕር ኤሊ በሌሊት ወጥታ በኋላ እግሮቿ አሸዋውን እየዛቀች ጉድጓድ ትምሳለች፤ እንቁላሏን ጥላና በአሸዋ ሸፍና ወደ ባሕር ትመለሳለች። ለመውለድ የምትደርሰው ከ20 ዓመት በላይ ቈይታ ሲሆን፣ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ለዚያ የሚበቁት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ለዓሣ በተጣለ መረብ ተይዛ ለመተንፈስ መውጣት ሲያቅታት ትሞታለች፤ በባሕር የሚንሳፈፈውን ፕላስቲክም ምግብ መስሏት ትውጣለች። የጫጩቶቹን ጾታ የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት በመሆኑ፣ ሙቀቱ ሲጨምር የሚፈለፈሉት በአብዛኛው ሴቶች ይሆናሉ።

ጾም በእጅ ያለውን ስለ እግዚአብሔር ብሎ መተው ከሆነ፣ የድግስ ምግብ ተደርጎ የሚወደደውን የኤሊ ሥጋ «ዓሣ ነው» በሚል ሰበብ መብላት ፊደሉን ጠብቆ ዓላማውን ያፈርሳል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የሚገሥጸው ከምግብ ተከልክለው ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ነው፤ ተግሣጹ የጾም ዋጋ የሚለካው ከጾመኛው ውጭ ላለው ፍጡር በሚተርፈው ምሕረት መሆኑን ያሳያል። ይህ ምሕረት ለድኻው ዓሣ አጥማጅ ብቻ የሚተው ሸክም ሊሆን አይገባም፤ ሥጋውን የሚገዛው ባለጠጋና ፕላስቲኩን የሚጥለው ከተሜም ይጠየቁበታል። ስለዚህ ምእመኑ ኤሊዋን ለመተው ከሮም የሚመጣ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ መተዉ ራሱ ጾም ነውና።