ማርሽ ለቴርጋት ቢጨመር

ሰውን በሐሳብ መጠገን ቀላል ነው። እስቲ ለኬንያዊው ለፖል ቴርጋት የ«ማርሽ ቀያሪውን» የምሩፅ ይፍጠርን አጨራረስ እንስጠው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ፣ በ10,000 ሜትር፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ እንኳ የማትበቃ ጊዜ! በ1996 በአትላንታም የቀደመው ያው ኃይሌ ነበር። ታዲያ ያቺ ማርሽ ብትኖረው ሁለት ወርቅ ነበረው ማለት ነው?

አይመስለኝም። ቴርጋት ማርሽ ቢጨምር ኃይሌ ቆሞ ይጠብቀው ነበር እንዴ? እሱም በሌላ መንገድ ይለማመድ፣ በሌላ ዘዴ ይሮጥ ነበር። የአንዱ ችሎታ ለሌላው ሞረድ ነው። ደግሞስ ቴርጋት ራሱ ያው ቴርጋት ሆኖ ይቀር ነበር? በመጨረሻዋ መቶ ሜትር የሚተማመን ሯጭ ከሩቁ ጀምሮ ሩጫውን ለማክረር ምን ያስጨንቀዋል? ይህ «ጎደሎ» ያልነው ሰው እኮ ከ1995 እስከ 1999 በተከታታይ አምስት ጊዜ የዓለም አገር አቋራጭ አሸናፊ ነበር፤ በ2003 ደግሞ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:04:55 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሯል።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ለሰው የጎደለውን ስንመኝለት የምንወደው ሰውዬውን ነው ወይስ ሜዳልያውን? እኔ የምፈራው ሜዳልያውን እንዳይሆን ነው።