በከተማይቱ በር የቆመው ስደተኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በኦሪት ዘመን ስድስት የመማፀኛ ከተሞች ተለይተው እንደ ነበር በመጽሐፈ ኢያሱ ተምረናል። ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከደም ተበቃይ ሸሽቶ ሲመጣ በከተማይቱ በር ቆሞ ጉዳዩን ለሽማግሎች ያስረዳል፤ እነርሱም ሰምተው ማደሪያ ይሰጡታል። ይህም ለእስራኤላዊው ብቻ ሳይሆን ለመጻተኛው ጭምር የተፈቀደ ነበር። እንግዲህ የሸሸ ሰው እንጀራና መኝታ ብቻ ሳይሆን ቃሉን የሚሰማ ጆሮም ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ዛሬ በአሜሪካ የምንኖር እኛ ይህን በር በዓይናችን እናየዋለን። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአገሪቱ ሕግ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም በማኅበራዊ ወገኑ ምክንያት መከራ የሚያሰጋው ሰው ጥገኝነት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ነገር ግን በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ማመልከቻው አገር ከገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤትም መንግሥት ጠበቃ ከፍሎ አያቆምለትም።

እኛ ጠበቆች አይደለንም። ሆኖም ሁለት ቋንቋ ተሰጥቶናል፤ ሁለት የዘመን አቆጣጠርም እናውቃለን። አንድ ወገናችን «ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ታሰርሁ» ቢል በፈረንጆች ጃንዋሪ 13 ቀን 2022 ነው። ሰባት ዓመት ብቻ የደመረ አስተርጓሚ 2021 ብሎ ይጽፈዋል። «ሌሊት በስምንት ሰዓት መጡ» ያለውም በእነርሱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ዳኛው እንዲህ ያለውን መፋለስ ቃሉን ላለማመን ምክንያት ሊያደርገው ይችላል። እውነተኛው ሰው ሐሰተኛ መስሎ ወደ ሸሸው እስር ቤት ይመለስ ዘንድ እንፈቅዳለንን?

ርኅራኄ መስሎንም በቃሉ ላይ አንጨምርለት። «እንዲህ ብትል ይሻልሃል» እያሉ ታሪክ ጽፈው የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ እያወቀ ሐሰት ያቀረበ ግን በሩ ለዘለቄታው ሊዘጋበት ይችላል። ታማኝ አስተርጓሚ የተሰማውን ያህል ይናገራል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

«ጸሎት ይበቃል፤ የፍርድ ቤት ነገር ዓለማዊ ነው» የሚሉም አሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ግን በፊስጦስ ፊት ቆሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። በሕግ መብት መጠቀም የእምነት ማነስ አይደለም።

ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ አዲስ ሰው ስናይ ሰላም ብለን «አገር ከገባህ ስንት ጊዜህ ነው?» እንበለው። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች ነጻ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶችን ዝርዝር ያወጣሉና ፈቃድ ወዳለው ጠበቃ እናድርሰው። በቀጠሮው ቀን አብረነው እንሂድ። የነገረንን ምሥጢር በቡና ላይ አናውራ። ከየትኛው ብሔር ነው፣ ከየትኛው ወገን ነው ብለንም አንመርምር፤ በር ላይ የቆመ ሰው ወንድማችን ነውና።

ጌታችን በሕፃንነቱ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ ግብጽ ተሰዷል። በስደተኛው አንጻር የምናስተናግደው እርሱን መሆኑን አንርሳ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።