ሱሪ ከቦቲ ውጭ

ልጄ፣ በሐምሌ ከእህትሽ ጋር ወደ ስቫልባርድ ደሴቶች በመርከብ ልትሄዱ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። «ሻንጣውን በዋዜማው እንሸክፋለን» ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መርከቡ አንዴ ከመነሻ ከተማው ከሎንግየርብየን ከወጣ በኋላ ሱቅ እንደ ልብ የለም፤ የረሳሽውን ጓንት ከነጭ ድብ አትገዢው።

መጀመሪያ ብርዱን በልኩ እንወቀው። ሎንግየርብየን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 78 ዲግሪ ላይ ብትሆንም በሐምሌ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። የደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት ከዚህ ይብሳል። ሰውን የሚጎዳው ነፋሱና ውሃው ነው። 5 ዲግሪ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲጨመርበት ፊትሽ የሚሰማው ከዜሮ በታች ነው፤ በዚያ ላይ ከረጠብሽ አለቀ። ስለዚህ እያንዳንዱን ልብስ ወደ ሻንጣው ከመክተትሽ በፊት «ይሄ ቢረጥብስ?» ብለሽ ጠይቂ።

እህትሽ ከአዲስ አበባ ስትመጣ እናታችሁ ጋቢ ሳታሸክም እንደማትልካት አውቃለሁ። ይምጣ፣ ካቢናችሁ ውስጥ ተከናነቡት፤ ወደ ጀልባ ግን እንዳይወርድ። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ውሃ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም፣ የገላሽንም ሙቀት ይነጥቅሻል። ጂንስም ካናቴራም ያው ጥጥ ናቸው። ሱፍ ግን ርጥበት ቢነካውም ማሞቁን አይተውም። የመንዝን ሰው ባናና በርኖስ ያየ ይህን ከፈረንጅ ሱቅ መማር አያስፈልገውም።

ደግሞ አንድ ወፍራም ካፖርት ገዝተሽ ተገላገልኩ እንዳትይ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ስስ ስስ ልብስ ሲደራረብ በመካከሉ የተያዘው አየር ነው የሚያሞቀው፤ ሲሞቅሽም አንዱን ታወልቂያለሽ። ከገላሽ ጋር የሚገናኘው የሜሪኖ ሱፍ፣ በላዩ ፍሊስ ወይም ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ውሃ የማያሳልፍ ጃኬትና ሱሪ ይሁን። አንዳንድ መርከቦች ጃኬቱን ለመንገደኛ ይሰጣሉ፤ ሱሪውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ራስሽ ነሽ የምታመጪው። ውሃ አያስገባም የሚል ወረቀት ስለተንጠለጠለበት ብቻ አትመኚው። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር። ለብሰሽው ሻወር ሥር ቁሚ፣ ከዚያም እርጥብ ድንጋይ ላይ ትንሽ ተቀመጪበት። ጀልባ ላይ መጀመሪያ የሚረጥበው መቀመጫ ነውና።

አሁን ወደ እግር እንምጣ፤ ሰው ሁሉ ለጃኬቱ ሲጨነቅ የሚረሳው እሱን ነው። የምትወርዱባቸው ዳርቻዎች ወደብ የላቸውም። መርከቡ ራቅ ብሎ ይቆምና ዞዲያክ በሚሏት የጎማ ጀልባ ትሄዳላችሁ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ጠጠሩ ላይ ታሳርፋለች፤ አንቺ በጎማው ጠርዝ ላይ እየተንሸራተትሽ ወደ ፊት ትመጫለሽ፣ እግሮችሽን ወደ ውጭ ታዞሪያለሽ፣ አስጎብኚው ክንድሽን በክንዱ ቆልፎ ያወርድሻል። የምትቆሚው ውሃ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴ እስከ ቅልጥምሽ ይደርሳል። ያ የምትወጂው የተራራ ጫማ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ሶሉ የሚቆነጥጥ የጎማ ቦቲ ያስፈልጋል። ሱሪውን እንዲያምርበት ቦቲው ውስጥ የሚጠቀጥቅ ሰው አይጠፋም፤ ማዕበሉ ሲረጭ ሱሪው ላይ ያረፈው ውሃ እየተንቆረቆረ ይገባና ቀኑን ሙሉ ባሕር ተሸክሞ ይውላል። ሱሪ ከቦቲ ውጭ!

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። በዚህ ጉዳይ ግን ከአባቶች ጋር አልስማማም። ብዙዎቹ መርከቦች ቦቲ ያውሳሉ፤ ያለ ይሉኝታ ተዋሺ። እነሱ እያላቸው አዲስ ገዝቶ አውሮፕላን ላይ በኪሎ መሸከም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የእግርሽን ቁጥር አስቀድመው ሲጠይቁሽ ታዲያ ወፍራም ካልሲሽን አድርገሽ ተለኪ፤ ጣቶችሽ ውስጡ መላወስ አለባቸው። ካልሲ ደራርቦ ጠባብ ቦቲ ውስጥ መጠቅጠቅ ደሙን ያፍነዋል፣ እግሩም ይብስ ይቀዘቅዛል። ከሥር ስስ፣ ከላይ ወፍራም ሱፍ፣ በቃ። ለመርከቡ ወለል የማያንሸራትት ስኒከር ይበቃሻል፤ ተረከዝ ያለውን ጫማ ለሠርግ አቆዪው።

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት። ጓንት ከሁለት ጥንድ ባነሰ እንዳትነሺ። ፎቶ ለማንሳት አውልቀሽ ብብትሽ ውስጥ የያዝሽውን ነፋስ ከወሰደው ዞሮ የሚለቅምልሽ የለም። ከሥር ስስ የሱፍ ጓንት፣ ከላዩ ውሃ የማያስገባና አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዝ ሰፊ ጓንት አድርጊ፤ ካሜራ ስትነኪ የላዩን ብቻ ታወልቂያለሽ። ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና የአንገት መሸፈኛም ያዢ። የፀሐይ መነጽር ስልሽ እንዳትስቂ። እዚያ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ብርሃኑ ከበረዶውና ከውሃው እየተንጸባረቀ ዓይን ይወጋል። ለእንቅልፍም የዓይን መሸፈኛ ጨርቅ ጨምሪ።

ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ። የእህትሽ ጃኬት ገጠር ለብሳው የወጣችው ከሆነ ጭጎጎት ተጣብቆበት ሊመጣ ይችላል፤ የውጭ ዘር ደሴቶቹ ላይ እንዳይበቅል ደግሞ እዚያ ጥብቅ ጥንቃቄ ይደረጋል። መርከቡ ላይ የቦቲያችሁን ሶል ያስቦርሿችኋል፣ ኪሳችሁንና የቬልክሮ ማሰሪያውን በቫኪዩም ያስጠርጓችኋል። እቤታችሁ አጽድታችሁ ከሄዳችሁ ከወረፋ ትድናላችሁ።

የመርከቡ ውስጥ ሞቃት ነው፤ ለራት ቀለል ያለ ሹራብና ሱሪ አይነቀፍም። የዋና ልብስ ያዙ የሚሉም አሉ፣ በረዶ መሃል ዘለው የሚገቡ ስላሉ። እኔ አልመክርም፤ ልብሱ ቀላል ስለሆነ ግን መያዙን አልከለክልሽም።

በሎንግየርብየን የምታድሩባት ሌሊት ግን ቀዳዳ የሌለው ካልሲ ይኑራችሁ። ከተማዋን በ1906 የመሠረተው የአሜሪካዊው የጆን ሎንግየር የከሰል ኩባንያ ነው፤ ከጉድጓድ የሚወጣው ሠራተኛ ጥላሸት የጠጣ ቦቲውን በር ላይ ያወልቅ ነበር፤ ልማዱ እስካሁን አለ። ሙዚየሙ ጫማ ያስወልቃል፣ ሆቴሎችም እንዲሁ።

ልብስ ባይሆንም አንድ ነገር ልጨምር። ስቫልባርድ በኖርዌይ ሥር ብትሆንም ከሼንገን ክልል ውጭ ናት፤ ከዚያ ወደ ኦስሎ መመለስ እንደ አዲስ መግባት ይቆጠራል። የእህትሽ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ስትመለሱ ችግር ይገጥማታል። ኤምባሲው ማመልከቻዋን ከመቀበሉ በፊት ሁለት ጊዜ መግቢያ ብላ መጠየቋን አረጋግጪና ደውዪልኝ።