ስም የሚወጣለት ጥርስ

ልጄ፣ ጢስ ዓባይ ላይ ማስተማር ስትጀምሪ እጁን ከአፉ የማያወርድ ተማሪ ይገጥምሻል። መልሱን እያወቀ ዝም ይላል፤ ፏፏቴውን ሊያይ የመጣ እንግዳ ፎቶ ላንሳችሁ ሲል ከጓደኞቹ ጀርባ ይደበቃል። ዓይን አፋር ነው ብለሽ አትለፊው። በዕረፍት ሰዓት ጓደኞቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት አዳምጪ። «ገጣጣ» ወይም «ወላቃ» ሲሉት ከሰማሽ ምክንያቱን አገኘሽው።

በማስተማር ዘመኔ እንዳየሁት፣ ይህን ስም ብዙ ጊዜ የሚያወጡት ልጆች አይደሉም። አጎት በፍቅር፣ ጎረቤት በጨዋታ ያወጣዋል፤ ታናሽ ወንድም ትምህርት ቤት ይዞት ይሄዳል። ፍንጭት ያላትን ልጅ እናሞግሳለን፣ ይዘፈንላታል፤ አጠገቧ የተቀመጠችው፣ ጥርሷ ወጣ ያለው፣ ይሳቅባታል። ሁለቱም ጥርሳቸውን አልመረጡም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት፣ በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን የስድስተኛ ክፍል ልጆች እርስ በርስ ለመበሻሸቅ ከሚያነሱት የአካል ነገር ሁሉ ቀዳሚው ጥርስ መሆኑን አሳይቷል።

ተሳዳቢውን በክፍሉ ፊት አታዋርጂው፤ ለብቻው ጥሪው፣ ወላጁንም አነጋግሪ። ለተሰደበውም በሰው ፊት ጮክ ብለሽ አትከራከሪለት፤ ስሙ ይብስ ይጸናበታል። አንቺ ሁልጊዜ በሙሉ ስሙ ጥሪው፣ ሌሎቹም እንዲሁ እንዲጠሩት አድርጊ።

ለወላጆችም ይህን ንገሪልኝ። ከ6 እስከ 12 ዓመት የወተት ጥርስ ወልቆ ቋሚው ይበቅላል። የልጁ ፊት ገና ትንሽ ሳለ ጥርሱ የአዋቂ መጠን ይዞ ስለሚወጣ ገጥጦ ወይም ተራርቆ ይታያል። የላይኛው ክራንቻ በ11 ወይም በ12 ዓመት ግድም ሲወርድ የፊቱ ክፍተት ብዙ ጊዜ ይጠባል። ታዲያ ሊያልፍ ለሚችል መልክ የዕድሜ ልክ ስም ማውጣት ግፍ ነው። ሳይስተካከል ከቀረ፣ ማኘክም ከከለከለው፣ ባሕር ዳር የጥርስ ሐኪም ይየው፤ ሽቦ ማሰር ግን ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሕክምና ነውና ሁሉም ቤት አይችለውም።

ከሁሉ በላይ ስለ ግግ ሳትፈሪ ተናገሪ። ሕፃኑን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው፣ ድዱ ላይ ግግ የሚሉት እብጠት ታየ ተብሎ ነቃይ ይጠራል። በስለት የሚወጣው ግን በሽታ አይደለም፤ ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነው። ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ ጅምር አብሮ ሊጎዳ ይችላል፤ ከተጎዳ ከዓመታት በኋላ ተጣሞ ይወጣል፣ ወይም ጨርሶ ይቀራል። ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች አፍ ውስጥ የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ ጉዳት አይተው ጽፈዋል። ይህ ሁሉ የሚፈሰው ደምና ንጹሕ ካልሆነው መሣሪያ የሚገባው ሕመም ሳይቆጠር ነው። ግግ የተነቀለው ልጅ አድጎ ክፍልሽ ሲገባ የሚሳቅበት እኛ አዋቂዎቹ ባበላሸንበት ጥርስ ነው።

ስለዚህ ለወላጆች ስብሰባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጥሪያት። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ኦ አር ኤስና ጤና ጣቢያ እንጂ ነቃይ እንደማያስፈልገው እሷ ታስረዳ። የተማሪ እናቶች ብቻ አይምጡ፤ አያቶችና ነፍሰ ጡሮችም ይጠሩ፤ ነቃይ ይጠራ ከሚሉት መካከል አያቶችም አሉበትና።