ሳይጠየቅ የተወሰደ

መልካም ውጤት መጥፎ አጀማመርን ያጥባል ወይ? ጥያቄው የፍልስፍና ክፍል ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ሥጋና ደም ያለው ጥያቄ ነው።

ሔንሪዬታ ላክስ በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ የትምባሆ እርሻ ላይ ያደገች ጥቁር ሴት ነበረች፤ የአምስት ልጆች እናት። በ1951 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የማህፀን በር ካንሰር ተገኘባት። በጊዜው ልማድ በራዲየም ታከመች። ሐኪሙ ግን እግረ መንገዱን ከዕጢው ቁራጭ ወስዶ ወደ ጆርጅ ጋይ ላቦራቶሪ ላከ። አልነገሯትም፤ አልጠየቋትም። በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ ሞተች።

ህዋሷ ግን አልሞተም። ሌላው የሰው ህዋስ በላቦራቶሪ ጥቂት ቆይቶ ሲያልቅ፣ የሷ በየሃያ አራት ሰዓቱ ገደማ እጥፍ እየሆነ ቀጠለ። ከስሟ ፊደላት ቆንጥረው «ሂላ» አሉት። የፖሊዮ ክትባት ሲፈተን አገለገለ። በ1980ዎቹ ሐራልድ ዙር ሀውዘንና ባልደረቦቹ የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጡ ሁለት ቫይረሶችን ሲለዩ፣ አንደኛው እዚያው እሷ ህዋስ ውስጥ ተገኘ። ይህ እውቀት በ2006 ክትባት ሆነ። ክትባቱ በ2018 አገራችን ገብቶ ለአሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። እህቶቻችን ማለት ነው።

በሌላ በኩል ኩባንያዎች ህዋሱን እያባዙ ሸጡ። ቤተሰቧ ወሬውን የሰማው በ1973 ነው። ከልጆቿ መካከል የሕክምና መድን መግዣ ያጡ ነበሩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይሄ ነው!

«ታዲያ ምን ጎደለባት? የተወሰደው እኮ በሽታዋ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከሥጋዋ የጎደለ የለም። ካንት ግን ሰውን እንደ ሰው እንጂ ለሌላ ዓላማ እንደ መሣሪያ ብቻ አትቁጠረው ይላል። መሣሪያ አይጠየቅም፤ አካፋን ማን ያስፈቅዳል? ሔንሪዬታም ያልተጠየቀችው ከዚያ ተራ ስለተቆጠረች ነው። ድሃና ጥቁር መሆኗ ደግሞ ቆጠራውን አቀለለው።

ሌላው ተሟጋች «ብትጠየቅ እሺ ትል ነበር» ይላል። ይሁን፣ ትል ነበር እንበል። እንግዲያው በደሉ ከበደ እንጂ አልቀለለም። «እሺ» የምትል ሴት ብትጠየቅ ኖሮ ለዓለም ሴቶች ሁሉ ስጦታ ትሰጥ ነበር። ሳይጠየቅ የተወሰደ ነገር ግን የቱንም ያህል ቢጠቅም ስጦታ አይባልም። ስለዚህ የተቀማችው ቁራጭ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ሰጪነቷን ነው።

እና ክትባቱን እንተወው? በፍጹም! እህታችን በካንሰር ብትሞት ለሔንሪዬታ ምን ይመለስላታል? መልካሙ ውጤት መልካም ነው፣ በደሉም በደል ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጥበውም። በመካከላቸው የሚቀረው ዕዳ ነው። በ2023 ቤተሰቧ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ጋር በስምምነት ጉዳዩን ጨርሷል። ለሟች የማይከፈለው ዕዳ ግን እሷን ለመሰሉት ይከፈላል፦ ክትባቱ ገጠር ላለችው ልጅ ሲደርስ፣ ታካሚም ምን እንደሚደረግባት በገዛ ቋንቋዋ ሲነገራት።

ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ነው ብለን እጃችንን እንዳንታጠብ። እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ስንል ገጠር ወርደን የአሮጊት እንጉርጉሮ፣ የአልቃሽ ግጥም በስልካችን ቀድተን እንመጣለን። ጽሑፉ ላይ የኛ ስም ይጻፋል፤ እሷ «አንዲት አዛውንት» ተብላ ትቀራለች። «እማማ፣ ይሄን ልወስደው ነው፤ ለዚህና ለዚህ ነው፤ ይፈቅዳሉ?» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?