ሳይርብ መጾም

ውሳኔዬን ለታላቅ ወንድሜ በስልክ ስነግረው መጀመሪያ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ። "አለሁ" አለና ትንሽ ቆይቶ፣ "ጤነኛ ጨጓራ የሚቆረጠው በየትኛው ሕግ ነው?" ሲል ጠየቀኝ። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የተናገራት ይህች ጥያቄ ኖርዝ ዮርክ ድረስ መጥታ ሦስት ዓመት አብራኝ ኖራለች። መልስ አገኘሁላት ስል ሌላ ትወልዳለች። ይህን የምጽፈው ስለ ቀዶ ሕክምናው ምክር ለመስጠት አይደለም፤ ለዚያ ሐኪም አለ። ወንድሜ ሲጠይቀኝ አንድ ጥያቄ የመሰለኝ ነገር ውስጡ ብዙ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

በኦንታሪዮ ይህ ሕክምና እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተሰብ ሐኪም ይልካል፤ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ቁጥር 40 ከደረሰ፣ ወይም 35 ደርሶ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ከታከለበት፣ ወጪውን ኦሂፕ ይችለዋል። በዊልሰን ጎዳና ላይ ያለው ሃምበር ሪቨር ሆስፒታል ሥራው ከሚሠራባቸው የክፍለ ግዛቱ ማዕከሎች አንዱ ነው። ከቢላው በፊት ግን ብዙ ንግግር አለ፦ ከነርስ ጋር፣ ከምግብ ባለሙያ ጋር፣ ከሶሻል ወርከር ጋር፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር። ወራት ይፈጃል። እኔ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ የምንከባከብ ሰው ስለሆንኩ ቀጠሮዎቼን በፈረቃዎቼ መሐል እየሰነቀርኩ፣ በ96 ቁጥር አውቶቡስ ስመላለስ፣ ያ ሁሉ ንግግር ለምን እንዳስፈለገ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

ባይፓስ በሚባለው ዓይነት ከጨጓራ አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል የምትይዝ ኪስ ትለያለች። ትንሹ አንጀት ተቆርጦ ከእሷ ጋር ይገጠማል። የቀረው ጨጓራ ከሰውነት አይወጣም፤ ምግብ የሚባል ነገር ዳግመኛ ሳይደርሰው ጭማቂውን እያመነጨ እዚያው ይኖራል። ይህን ስሰማ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ለዚያ ለተረሳው ጨጓራ አዘንኩለት።

ሐሳቡ የመጣው በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ፣ ኤድዋርድ ሜሰን ከሚባል አሜሪካዊ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ነው። በቁስለት ምክንያት ጨጓራቸው በከፊል የተወገደ ሰዎች እንደሚከሱና መልሰው ለመወፈር እንደሚቸገሩ ከታየው ነገር ተነሥቶ፣ ይህንኑ ሆን ብሎ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። እንግዲህ የወንድሜ ጥያቄ የምትነሣው እዚህ ላይ ነው። ለቁስለት የታመመ ጨጓራ ይቆረጣል፤ ለክብደት የሚቆረጠው ያልታመመው ነው።

ለወንድሜ የመለስኩለት በዝርዝር ነበር። ስኳሬን፣ ደም ግፊቴን፣ ሌሊት ትንፋሼ እንዳይቆም አፍንጫዬ ላይ አስሬው የምተኛውን ማሽን፣ ደረጃ ሲያይ የሚሸሽ ጉልበቴን ቆጠርኩለት። ጨጓራዬ ብቻውን ጤነኛ ቢሆን ምን ያደርግልኛል? አንድ ብልት የራሱ ንብረት አይደለም፤ የባለቤቱ ነው። ይህ መልስ አሁንም ትክክል ይመስለኛል። ወንድሜ ግን በዚህ አልረታም። "እሱስ ይሁን" አለ። "ግን አፍሽን መያዝ አቅቶሽ ነው?"

እውነተኛው ጥያቄ ይሄኛው ነበር።

አፌን መያዝ አያቅተኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾሜአለሁ፤ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ ረቡዕና ዓርብን ሳይቀር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፌ ሳይዞር የሌላ ሰው እናት አጥቤ፣ አልብሼ፣ ምሳ አጉርሼ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። ፈቃድ የሚባለው ነገር በሚዛን ቢለካ የእኔ ከብዙ ቀጫጭን ጎረቤቶቼ ይበልጥ እንደነበር በድፍረት እናገራለሁ። ክብደትም ቀንሼ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ 18 ኪሎ። ከዚያ ሰውነቴ ቂም ይይዛል። በእ.ኤ.አ. 2011 አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት፣ በምግብ ገደብ የከሱ ሰዎችን ተከታትሎ፣ ረሃብን የሚቀሰቅሱና የሚያስታግሱ ሆርሞኖቻቸው ከዓመት በኋላም ወደ ቦታቸው እንዳልተመለሱ አሳይቷል። ሰውየው ማሸነፉን ያከብራል፤ ሰውነቱ ግን ገና ረሃብ ላይ ነኝ ብሎ ይጮሃል። ጾሙ ፋሲካ አለው፤ ያኛው ረሃብ ግን ማብቂያ ቀን አልተቆረጠለትም።

አሪስቶትል ራሱን በሚገዛ ሰውና ልከኛ በሆነ ሰው መካከል ልዩነት ያደርጋል። የመጀመሪያው መጥፎ ምኞት አለው፤ ታግሎ ይጥለዋል። ሁለተኛው ግን ምኞቱ ራሱ ልክ ስለሆነ የሚታገለው ነገር የለም። እኔ በየትኛው ነኝ? ቀዶ ሕክምናው ከተደረገልኝ በኋላ ባሉት ወራት ረሃብ ከእኔ ዘንድ ሄደ። ሦስት ማንኪያ ሽሮ በልቼ በቃኝ አልኩ። ከውጭ የሚያየኝ ልከኛ ሴት ነበር የሚያየው። እኔ ግን ምንም አልተሻሻልኩም፤ ባላጋራዬን ከሜዳ አስወጡልኝ እንጂ። "ቀላሉን መንገድ ሄደች" የሚሉ ሰዎች የሚሉት ይህንን ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነውም አልልም።

ግን እስቲ ግዝትን አስቡ። ሰውዬው አረቄ አልተው ብሎታል፤ ትዳሩ እየፈረሰ ነው። ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ "አባቴ፣ ይገዝቱኝ" ይላል። ራሱን ስለማያምን ከራሱ የሚበረታ ነገር ፈልጎ በእሱ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ባይጠጣ፣ በየትኛው አገር ነው "አታለለ፣ በግዝት እኮ ነው የተወው" የሚባለው? እንዲያውም ድካሙን አውቆ መታሰሩ ይመሰገንለታል። ልዩነቱ ግዝት ኅሊናን ማሰሩ፣ ቢላ ደግሞ ሥጋን ማሰሩ ነው ይባል ይሆናል። ልክ ነው። ችግሩ ያለው ሥጋ ውስጥ ከሆነ ግን ሥጋ ቢታሰር ምን ነውር አለው? ደግሞም ማሰሪያው ይላላል። ከዓመት፣ ከዓመት ተኩል በኋላ ረሃብ መንገዱን አስታውሶ ይመጣል፤ ክብደታቸው የሚመለስባቸውም አሉ። ቫይታሚኑ፣ ብረቱ፣ ካልሲየሙ፣ የደም ምርመራው ዕድሜ ልክ ነው። ጣፋጭ ከበዛ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይታወካል። ቀላል መንገድ ከተባለ እንግዲህ ቀላሉ ይህ ነው። (አሁን ደግሞ በየሳምንቱ የሚወጉት መርፌ መጥቶ ያው ክስ ወደ እሱ ዞሯል። መርፌው በተመሠረተበት ሆርሞን ላይ ለአሥርት ዓመታት ከተመራመሩት አንዱ ዳንኤል ድራከር እዚሁ ቶሮንቶ መኖሩን ስሰማ፣ ከተማችን ለሆዳሞች ምን ያህል እንደደከመች አስቤ ሳቅሁ።)

ለእናቴ መንገር ከሁሉ ከበደኝ። እናቴ የ77ቱን ረሃብ በዓይኗ ያየች ሰው ናት። ልጅ እያለን እንጀራ ስንተው "የሰው ሕይወት ጣላችሁ" ትለን ነበር። ለእሷ "ወፍረሻል" ማለት "ተመችቶሻል፣ ሰው አግኝተሻል፣ አገሩ ተቀብሎሻል" ማለት ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ቦሌ ላይ ስትቀበለኝ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ እልል ያለችው ለዚያ ሥጋ ነው። አሁን ያንን ሥጋ ለማራገፍ ሆዴን ላስቀድድ ነው ስላት፣ "ሰው እንዲጠግብ ይጸልያል እንጂ ልጄ..." ብላ አልጨረሰችውም። ክርክር አዘጋጅቼ ነበር፦ የእኔ መታመም ለተራበ ሰው አንዲት ጉርሻ አይጨምርለትም፤ ርካሽ ምግብ የሚያወፍርበት፣ ውድ ምግብ የሚያከሳበት አገር ላይ ሌሊት ስሠራ የወፈርኩት ጠግቤ አይደለም። ሁሉም እውነት ነው። አንዱንም አልተናገርኩም። በዚያች ያልተጨረሰች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ነገር በክርክር ማንሣት የሚቻል አይመስለኝም፤ ዛሬም እዚያው አለ።

የምግብ ባለሙያዋ፣ "ሰው ቤት ምግብ ሲያቀርቡልሽ እምቢ ማለት ትችያለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። እችላለሁ አልኳት። ጉርሻ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። በእንግሊዝኛ "በሌላ ሰው እጅ መጉረስ" ስላት ፊቷ ላይ የሆስፒታል ምግብ አየሁ፤ በሽተኛ የምመግብ መሰላት። ጉርሻ እኮ ምግብ አይደለም። አጉራሹ የሚሰጠው ራሱን ነው፤ ያልጎረሰ ሰው የመለሰው እንጀራውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። እንግዲህ ለጤናዬ ስል የሰው እጅ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቀር የማድረግ መብት አለኝ? መብቱ አለኝ። ከተማርኩት ግን መብት ያለው ሰውም ዕዳ እንደሚኖርበት ነው። አሁን ገና ማዕድ ሳይቀርብ ቀድሜ ለባለቤቲቱ በጆሮዋ እነግራታለሁ፤ "ትንሽ፣ የወፍ ጉርሻ" እላለሁ፤ ታኝኬ እስኪያልቅ ድረስም ዓይኗን አያለሁ።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ጾሙ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሳምንታት ጉበት እንዲያንስ ኦፕቲፋስት የሚባል ዱቄት ብቻ በውሃ እየበጠበጥኩ ኖሬያለሁ፤ በቀን አራት ፓኬት፣ 900 ካሎሪ። ያ የጾሜ ሁሉ ከባዱ ነበር፤ ግን ጾም አልነበረም፤ ለማንም አልሰጠሁትም። ከዚያ በኋላ በመጣው ዐቢይ ጾም ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ባልበላ አይርበኝም። ውሃ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት ስላለብኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ተከለከልኩ፤ ፕሮቲኑም ግድ ነው ተባልኩ። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው ሳያመነቱ፣ "ብዪ ልጄ፣ ለበሽተኛ ሕግ አልተሠራም" አሉኝ። እፎይ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቅር አለኝ፤ ምክንያቱን ለማግኘትም ጊዜ ወሰደብኝ። ጾም የምሰጠው ነገር ነበር። የምሰጠው ደግሞ ረሃቤን ነበር። አሁን ካዝናዬ ባዶ ነው። ሳይርብ የሚጾም ሰው ምኑን ነው የሚያቀርበው?

ይህን ጥያቄ እንደያዝኩ ነው ያ ነገር የደረሰው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማከብራቸው አንዲት እናት አሉ፤ እትዬ ነው የምላቸው። እሳቸውም ስኳር አለባቸው፣ እሳቸውም ከባድ ናቸው። 30 ኪሎ ከቀነስኩ በኋላ አንድ እሑድ ነጠላዬን ጎተት አድርገው፣ "የኔ ልጅ፣ ምን ብታደርጊ ነው እንዲህ ያማረብሽ?" አሉኝ። ዙሪያችን ሰው ነበር። "ጾም ነው እትዬ" አልኳቸው። "እግዚአብሔር ረድቶኝ።"

ሰው ስለ አካሉ ዝም የማለት መብት አለው፤ ሕመም የግል ነው። "ይለፈኝ እትዬ" ብል ዝምታ ነበር። እኔ ግን ዝም አላልኩም፤ ሌላ ነገር ሰጠኋቸው። ለራሴ በነፍሴ ሚዛን ያልበቃኝን ጾም፣ ለሰው ፊት ማስጌጫ አደረግሁት። ማፈሬንም ተመልከቱ፦ ለወንድሜ "ነውር የለውም" ብዬ ስከራከር የኖርኩት እኔ፣ በመጀመሪያው ጠያቂ ፊት ነውር እንደሆነ መሰከርኩ።

እትዬ አመኑኝ። በፍልሰታ የስኳር ኪኒናቸውን እየዋጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያለ ምግብና ውሃ መዋል ጀመሩ። በአንደኛው ሳምንት መጨረሻ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሳቱ። መንገደኛ አምቡላንስ ጠራላቸው፤ ተረፉ። ልጃቸው ስትነግረኝ፣ "አንቺን አይታ እኮ ነው" አለች፤ እየሳቀች፣ በፍቅር ነው ያለችው።

ጥፋቱ ምን ያህሉ የእኔ ነው? ኪኒና ያዘዝኩላቸው እኔ አይደለሁም፤ ጹሙም አላልኳቸውም። ለብዙ ሌሊት ይህን ስደምርና ስቀንስ ቆየሁ። ሒሳቡ የሚወጣልኝ ባሰኘኝ ቁጥር ነጠላዬን የጎተተችው እጅ ትታየኛለች። እሳቸው የጠየቁኝ ለወሬ አልነበረም፤ ሰምጦ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የጠየቁኝ።

ቅዳሜ ዕለት ቤታቸው ሄድኩ። ቡና አፈሉ፤ ቆሎ አቀረቡ። በሁለተኛው ሲኒ ላይ ነገርኳቸው፤ ኪሷን፣ አንጀቱን፣ ሆዴ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጠባሳዎች፣ ውሸቴንም። ፊታቸውን ላለማየት ረከቦቱን እያየሁ ነበር የተናገርኩት። ብዙ ዝም አሉ። እንደ ወንድሜ ጤነኛ ጨጓራ ለምን ተቆረጠ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ያማል ወይ?" አሉኝ።

ያማል አልኳቸውና የት የት እንደሚያም ነገርኳቸው።