የገረዲቱ አልጋ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በአምስተርዳም ከተማ፣ ከቦዮቹ በአንዱ ዳር፣ አንዲት የቅመም ነጋዴ ሚስት ነበረች። ባሏ መርከቦች ከእስያ ያመጡለትን ዛጎልና የጥንት ሳንቲም በመሳቢያ ደርድሮ ለእንግዳ ያሳያል። እሷ ደግሞ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቁም ሣጥን አሠራች፤ ውስጡን ዘጠኝ ክፍል አስከፍላም የአሻንጉሊት ቤት ታደራጅ ጀመር።

የልጆች መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። የልጅ እጅ አይደርስበትም። ብሩን የሚሠራው ብር አንጥረኛ፣ ቅርጫቱን የሚጎነጉነው ቅርጫት ሠሪ፣ የግድግዳውን ሥዕል የሚሥለው ሠዓሊ ነው፤ ለትልቁ ቤት የሚሠሩት እነዚያው ባለሙያዎች። ሴትዮዋ የምሳሌ ሰው ናት፤ እንዲህ ያሉት ቤቶች ግን እውነተኛ ናቸው። የሐር ነጋዴ ሚስት የነበረችው ፔትሮኔላ ኦርትማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1686 እስከ 1710 ገደማ ያደራጀችው ባለ ዘጠኝ ክፍል ቤት ዛሬም በአምስተርዳም ራይክስሙዚየም ይታያል። ከ20,000 እስከ 30,000 ጊልደር ፈጅቷል ይባላል፤ በዚያ ገንዘብ ያን ጊዜ በቦዩ ዳር ሰው የሚኖርበት ቤት ይገዛ ነበር።

የምሳሌያችን ሴት ሳሎኑን ጨረሰች፤ የአራሷንም ክፍል ከነአልጋው መጋረጃ ጨረሰች። የቀራት ላይኛው ፎቅ ነው። እዚያ ሌላ ሳሎን ላድርግ ብላ ስታስብ፣ የቁም ሣጥኑን አቧራ የምታራግፈው ገረድ ቀረበቻት።

“እመቤቴ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልናገር።”

“ተናገሪ።”

“እዚህ ቤት የሚበላ እንጂ የሚያጥብ የለም። ይህ ሁሉ የአልጋ ልብስ የት ይሰጣል? ምድጃውስ በምን ይነዳል?”

እመቤቲቱ በመጀመሪያ ተቆጣች። ቆይታ ግን የገዛ ቤቷ ልብስ እንዴት ታጥቦ እንዴት እንደሚደርቅ ብትጠየቅ መልስ እንደሌላት ገባት። ወረቀትና ብዕር ይዛ ገረዲቱን ተከትላ ጣሪያው ሥር ወዳለው ክፍል ወጣች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ተዘርግቷል። በእያንዳንዱ አንሶላ ጥግ የቤቱ ፊደልና ቁጥር በቀይ ክር ተጠልፏል፤ ከእጥበት ሲመለስ እንዳይጠፋ፣ ተራውም እንዳይዛባ። ማዕድ ቤት ወርዳ ደግሞ ከረግረግ ተቆርጦ የሚደርቀውን የማገዶ አፈር፣ ቅርጫቱን፣ መጥረጊያውን፣ ካውያውን አንድ በአንድ ጻፈች። ሁሉንም በትንሹ አዘዘች። ባለሙያዎቹ ገረማቸው፤ ለመጥረጊያ እንዲህ ያለ ገንዘብ!

እኔ ግን ያ ገንዘብ ከብሩ ሁሉ ይልቅ ቁም ነገር ላይ ዋለ እላለሁ። በኑሮ ቤት መጥረጊያ እስኪያልቅ ይጠረግበታል፤ ቅርጫት ሲበሰብስ እሳት ውስጥ ይገባል፤ አንሶላ ሲያረጅ ጨርቅ ይሆናል። የዕለት ዕቃ የሚያልፈው እንዲህ ስለሆነ የዚያን ዘመን ማድ ቤትና የልብስ ማስጫ የሚያጠኑ ሰዎች ዞረው ዞረው ወደ እነዚህ ቁም ሣጥኖች ይመጣሉ፤ ማንም ያልነካው መጥረጊያ እዚያ ተርፏልና። በኋላ የመጣችው ሳራ ሮቴ በ1743 አሮጌ የአሻንጉሊት ቤቶችን በጨረታ ገዝታ እንደ አዲስ ስታደራጅ፣ ስለ ዕቃዎቹ በደብተር መዝግባ አስቀርታለች። ከእሷ እጅ የወጡት ሁለት ቤቶች ዛሬ አንዱ በሃርለም፣ ሌላው በዘ ሄግ ሙዚየም ይገኛሉ።

ነገር ግን እነዚህ ቤቶች የሚያሳዩት ባለቤቶቻቸው እንዲታይላቸው የወደዱትን ኑሮ ነው። ጭስ ያጠቆረው ግድግዳ፣ የተሰነጠቀ ሳህን፣ የሻገተ ጥግ አይገኝባቸውም። የቅመም ነጋዴው ሚስትም ከዚህ ፈተና አላመለጠችም።

ማድ ቤቱ ከተሟላ በኋላ ለገረዲቱም አልጋ ይገባታል አለችና አናጢ አስጠራች። ከጥሩ እንጨት እንዲሠራት፣ ፍራሿና ትራሷ ላባ፣ የአንሶላዋ ጠርዝ ዳንቴል እንዲሆን ነገረችው። ገረዲቱ ቆማ ትሰማለች።

“የማን አልጋ ናት፣ እመቤቴ?”

“ያንቺ ናታ።”

“የኔስ እንዲህ አይደለች። ደረጃው ሥር፣ ምድር ቤት ናት። ግድግዳው ውኃ ያልበዋል፤ ፍራሼም ገለባ ነው።”

እመቤቲቱ አናጢውን አሰናበተች። ሻማ ይዛ ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ ጎንበስ ብላ እጇን ፍራሹ ላይ አደረገች። ርሷል። በዚህ ቤት ስትኖር ከዚያ ደረጃ ሥር ገብታ አታውቅም ነበር።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። አልጋዋን አሳምራ ብታሠራት፣ ገረዲቱ በየቀኑ አቧራ ስታራግፍ ውሸቷን ታያለች። እንዳለች ብታሠራት፣ እንግዶቿ የረጠበውን ገለባ ያያሉ። ቦታዋን ባዶ ብትተዋት ደግሞ አንዷ ጎረቤት መምጣቷ፣ “ሠራተኛዋስ የት ትተኛለች?” ማለቷ አይቀርም። እውነትም አንዷ መጣች፣ ጠየቀችም። እመቤቲቱ የቁም ሣጥኑን በር ዘግታ ወሬ ለወጠች።

በማግስቱ አናጢውን መልሳ አስጠራች። ጥቃቅን መሣሪያዎቹን ይዞ መጣ። እሷ ግን ወደ ቁም ሣጥኑ አላቀረበችውም፤ ደረጃውን አስወጥታ ጣሪያው ሥር፣ የጭስ ማውጫው ግንብ በሚያሞቀው ደረቅ ክፍል ውስጥ አቆመችው።

“መጀመሪያ የዚህን ልክ ውሰድ” አለችው።

ለገረዲቱ አልጋ ሠራላት፤ ፍራሹም ላባ ሆነ። አልጋው ተዘርግቶ እሷ ከተኛችበት በኋላ፣ አናጢው እሱኑ ለክቶ የቁም ሣጥኗን ትንሽ አልጋ ሠራ።